ከአንድ ጭነት ጭድ እስከ ካርድ ነጥብ፦ የባንክ «ስጦታ» ታሪክ



 

ውድ አንባብያን! ቀጥሎ የምታነቡት በሬዲዮ ዝግጅታችን ያሰማነውን ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክለነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ የኢትዮጵያ ሳይሆኑ የአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ጉዳያችን ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦችን የሚያወዛግብ ነው። ባንኮች ደንበኛ ለመሳብ ስጦታ ይሰጣሉ። እዚህ አገር ቤት «ይቆጥቡ ይሸለሙ» እየተባለ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣ፣ ከፍ ሲልም መኪና በዕጣ ሲታደል ቆይቷል። ባሕር ማዶ ያሉ ወንድምና እህቶቻችን ደግሞ አዲስ ሂሳብ ስለከፈቱ ብቻ ሁለትና ሦስት መቶ ዶላር ይገባላቸዋል። በክሬዲት ካርድ በገዙ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምላቸዋል፤ ነጥቡም ውሎ አድሮ የአውሮፕላን ቲኬት ይሆናል። ወለድ አንበላም ብሎ የቆረጠ ቤተሰብ እዚህ ላይ ሲደርስ ይቸገራል። «ይህ እኮ ወለድ አይደለም፣ ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ በዲናችን የተወደደ ነው። ታዲያ ምን ችግር አለው?» ይላል።

እኛ ሙፍቲ አይደለንም። ፈትዋውን ለባለቤቶቹ ለዑለማእ እንተወዋለን። ማድረግ የምንችለው የዚህን ስጦታ ታሪክ ከሥሩ ጀምሮ መከተልና በየዘመኑ ዋጋውን ማን ይከፍለው እንደነበር መመልከት ነው። ታሪኩ ባንክ የሚባል ነገር ከመታወቁ ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ ይጀምራል።

ጭድ፣ ገብስና መኖ

በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የሰፈረ አንድ ዘገባ አለ። የታላቁ ሶሓባ የአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ልጅ አቡ ቡርዳ ወደ መዲና ይመጣና ከዐብዱላህ ኢብን ሰላም (ረ.ዐ.) ጋር ይገናኛል። ዐብዱላህ ኢብን ሰላም ከመስለማቸው በፊት ከመዲና አይሁዶች ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። እንግዳቸውን ወደ ቤታቸው ጋብዘው በሶና ቴምር አቀረቡለት። ከዚያም መከሩት። አቡ ቡርዳ የሚኖርበት አገር አራጣ የተስፋፋበት መሆኑን ነገሩትና፣ ገንዘብ ያበደረው ሰው አንድ ጭነት ጭድ፣ ገብስ ወይም የከብት መኖ በስጦታ ቢያመጣለት እንዳይቀበል፣ ይህ አራጣ መሆኑን አስረዱት።

እስቲ እቃዎቹን ልብ እንበል። ወርቅ አይደለም፣ ግመል አይደለም፤ ጭድ ነው። በእኛ ገጠር ጎረቤት ለጎረቤት ቆጥሮ የማይሰጣጣው ነገር ነው። ሶሓባው ትንሹን ነገር የመረጡት ያለ ምክንያት አይመስለንም። ሰው ትልቅ ነገር ሲመጣለት ይጠራጠራል፤ ጭድን ግን ማን ይጠረጥራል? ጭዱ ወደ አበዳሪው በረት የመጣው ብድሩ ስላለ ነው። ብድሩ ባይኖር ሌላ በረት ይገባ ነበር፣ ወይም ከናካቴው አይንቀሳቀስም ነበር።

የፊቅህ ሊቃውንት ከዚህና ከመሰል ዘገባዎች ተነስተው አንድ መለኪያ አስቀመጡ። አበዳሪውና ተበዳሪው ከብድሩ በፊትም ስጦታ ሲለዋወጡ የኖሩ ወዳጆች ከሆኑ፣ የቀድሞ ልማዳቸውን ቢቀጥሉ ብዙዎቹ ሊቃውንት ችግር አላዩበትም። ብድሩ የወለደው ስጦታ ከሆነ ግን ስሙ ምንም ይባል ምን ከአራጣ በር ይገባል።

የዙበይር (ረ.ዐ.) አማና

«ይህ ሁሉ ስለ ብድር ነው፤ እኔ ግን ባንክ ገንዘብ አስቀመጥኩ እንጂ አላበደርኩም» የሚል አይጠፋም። ለዚህም የቀደመ ታሪክ አለ። ባለታሪኩ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ናቸው። ለአገራችን ሰው ዙበይር እንግዳ አይደሉም፤ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሓባዎች አንዱ ናቸው። ነጃሺ ከጠላቱ ጋር ሲዋጋ የውጊያውን ውጤት ለማወቅ ጓጉተው፣ በተነፋ የውሃ አቁማዳ ተንሳፍፈው ወንዙን የተሻገሩት ያ ወጣት እርሳቸው እንደነበሩ በሲራ መጻሕፍት ተዘግቧል።

ዙበይር ታማኝ ነበሩና ሰዎች ገንዘባቸውን በአማና ሊያስቀምጡ ወደ እርሳቸው ይመጡ ነበር። እርሳቸው ግን በአማና አልቀበልም፤ ብድር ይሁን ይሉ ነበር። ምክንያቱም በአማና የተቀመጠ ንብረት ያለ ጠባቂው ጥፋት ቢጠፋ ባለአደራው አይጠየቅም። ብድር ከሆነ ግን ተበዳሪው ይጠቀምበታል፣ ቢጠፋም ይከፍላል። ዙበይር የሰው ገንዘብ እንዳይጠፋ ፈርተው ተጠያቂነቱን በራሳቸው ትከሻ ላይ አደረጉት።

በ656፣ በሂጅራ በ36ኛው ዓመት በተገደሉ ጊዜ ልጃቸው ዐብዱላህ ዕዳውን ቢቆጥረው 2,200,000 ሆነ። አንድ ትልቅ ሰው ዕዳው ስንት እንደሆነ ሲጠይቁት ደንግጦ 100,000 ብቻ ነው አላቸው። አባቱ 170,000 የገዙትን አል-ጋባ የተባለውን መሬት 1,600,000 ሸጠው። ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም ወራሾቹ ቅርሱን ይካፈሉ ዘንድ ቢወተውቱት እምቢ አለ። አራት ዓመት ሙሉ በየሐጁ ወቅት ከዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣ እያለ ካስነገረ በኋላ ነው ያከፋፈላቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የማናገኘው ነገርም ትምህርት አለው። ዘገባው ለአስቀማጮቹ የተሰጠ ጭማሪ ወይም ገጸ በረከት አይጠቅስም። ያገኙት የገንዘባቸውን ደህንነት ነው።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የእንግሊዝ ዳኞችም እዚሁ ነጥብ ላይ ደረሱ። በ1848 የጌቶች ምክር ቤት ፎሊ በሂል ላይ ባቀረበው ክርክር፣ ባንክ የተቀማጭ ገንዘብ ጠባቂ ሳይሆን ተበዳሪ መሆኑን፣ ደንበኛውም አበዳሪው መሆኑን ወሰነ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም በ1995 አቡ ዳቢ ላይ ባደረገው ጉባኤ በተንቀሳቃሽ ሂሳብ የሚቀመጥ ገንዘብ፣ ባንኩ ኢስላማዊም ይሁን ሌላ፣ በሸሪዓ ዓይን ቀርድ፣ ማለትም ብድር እንደሆነ አረጋገጠ። ስለዚህ ባንክ ገንዘብ ስናስቀምጥ አበዳሪዎቹ እኛ ነን። ባንኩ ደግሞ ጭዱን ይዞ የሚመጣው ሰው ነው።

ዳቦ መጥበሻ በወለድ ፈንታ

የዘመናችን የባንክ ስጦታ ያደገበት አገር አሜሪካ ነው። ያደገውም በሕግ ክፍተት ነው።

ከ1929 የገበያ ውድቀት በኋላ የአሜሪካ ባንኮች በሺዎች ተዘጉ። ሕግ አውጪዎቹ ባንኮቹን ለዚህ ካበቋቸው ነገሮች አንዱ አስቀማጭ ለመሳብ ወለድ እየጨመሩ መፎካከራቸው ነው ብለው አመኑ። በ1933 የወጣው የባንክ ሕግ በተንቀሳቃሽ ሂሳብ ላይ ወለድ መክፈልን ከለከለ። በቁጠባ ሂሳብ ላይ ደግሞ ጣሪያ እንዲበጅለት ለማዕከላዊ ባንኩ ሥልጣን ሰጠ።

ባንኮቹ ታዲያ ምን አደረጉ? በወለድ መፎካከር ሲከለከሉ በእቃ ተፎካከሩ። ሂሳብ ለሚከፍት ሰው ዳቦ መጥበሻ፣ ብርድ ልብስ፣ የሳህን ስብስብ መስጠት ጀመሩ። ዛሬ የዚያ ዘመን ሰዎች ሲያወሩት ይስቃሉ፤ ባንኩ የእቃ መደብር ይመስል ነበር ይላሉ። የቁጠባ ወለድ ጣሪያው በ1980 በወጣ ሕግ ቀስ በቀስ ተነሳ። የተንቀሳቃሽ ሂሳቡ ክልከላ ግን እስከ 2011 ቆይቷል።

የሚገርመው የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ለዚህ እቃ የሰጠው ስም ነው። መሥሪያ ቤቱ ለግብር ከፋዮች በሚያሳትመው ቁጥር 550 በተባለ መምሪያ ውስጥ፣ ከ5,000 ዶላር በታች ላስቀመጠ ሰው ዋጋው ከ10 ዶላር የበለጠ፣ 5,000 እና ከዚያ በላይ ላስቀመጠ ደግሞ ከ20 ዶላር የበለጠ ስጦታ ከተሰጠው፣ ስጦታው የወለድ ገቢ ሆኖ መመዝገብ አለበት ይላል። አዲስ ሂሳብ ለከፈተ የሚገባው የ200 ወይም የ300 ዶላር ጉርሻም እንዲሁ ነው። ባንኮቹ ራሳቸው በወለድ ቅጽ ሞልተው ለመንግሥት ያሳውቃሉ።

ቁርኣንንም ሐዲስንም ያላማከረ የግብር ሹም፣ ገንዘቡን ብቻ ተከትሎ ዐብዱላህ ኢብን ሰላም (ረ.ዐ.) ካሉት ቦታ ደረሰ። ዳቦ መጥበሻው ወለድ ነው አለ። እኛ እዚህ ላይ ስሙን ለማለስለስ ብዙ የምንደክምበት ምክንያት አይታየንም።

ጉርሻው ለተቀባዩ ሌላም ወጪ አለው። ገንዘቡ ለተወሰኑ ወራት እንዳይነካ፣ ደመወዝ በዚያ ሂሳብ እንዲገባ፣ ከዚህ መጠን በታች ከወረደ በየወሩ ክፍያ እንዲቆረጥ የሚሉ ሁኔታዎች በትንንሽ ፊደል ይጻፋሉ። ገቢ ወጪው በሚዋዥቅ ቤት ውስጥ ያ ወርኃዊ ቅጣት ጉርሻውን ቀስ በቀስ መልሶ ይወስደዋል።

ዕጣ የሆነው ወለድ

የአገራችንን «ይቆጥቡ ይሸለሙ» ለመረዳት ደግሞ ወደ እንግሊዝ እንሻገር። በ1956 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ማክሚላን ፕሪሚየም ቦንድ የተባለ አዲስ የቁጠባ ዓይነት አስተዋወቁ። ሕዝቡ በአንድ በአንድ ፓውንድ ቦንድ ይገዛል። ዋናው ገንዘብ አይጠፋም፣ በፈለገ ጊዜ ይመለስለታል። ወለድ ግን ለማንም በግል አይከፈልም። የሁሉም ወለድ በአንድነት ተጠራቅሞ በዕጣ ለጥቂቶች ይታደላል። የመጀመሪያው ዕጣ በሰኔ 1957 ወጣ፤ ትልቁ ሽልማት 1,000 ፓውንድ ነበር።

በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር ሽልማቱ ከሰማይ አይወርድም። ለሁሉም በጥቂት በጥቂቱ ሊደርስ የነበረው ተሰብስቦ ለአንድ ሰው ይሰጣል። ሌላው «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይጠብቃል። የፊቅህ አካዳሚው በ1990 ጂዳ ላይ ተሰብስቦ ሽልማት ያላቸውን ቦንዶች መርምሮ ሐራም ናቸው አለ። በቦንዱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ብድር ነው፤ ጥቅሙም ለአበዳሪዎቹ፣ ወይም ከመካከላቸው ማንነታቸው ላልተለየ ጥቂቶች በቅድሚያ ቃል ተገብቷል። በዚያ ላይ ከቁማር ጋር ተመሳሰለ። አበዳሪዎቹ አንድ መቶ ሺህ ሆነው ጭዱ በዕጣ ለአንዱ ብቻ ቢደርስ ጭድነቱ አልተለወጠም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ሙስሊም አስቀማጮች ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። ለረጅም ዓመታት ብዙዎች ባንክ ሲገቡ «ወለድ አይታሰብልኝ» ብለው ያስመዘግቡ ነበር። ይህ የሚያስመሰግን ተቅዋ ነው። የተተወው ወለድ ግን ለድሃ አልደረሰም፤ እዚያው ባንኩ ዘንድ ቀረ። ባንኩም ያለ ወጪ ባገኘው ገንዘብ ለሌላው በወለድ አበደረ። የዕጣ ሽልማት ሲመጣ ከዚያ ከተተወው ገንዘብ ላይ ቅንጣቷ በጌጥ ተጠቅልላ ተመልሳ መጣች። ወለዱን በፊት በር መልሶ ዕጣውን በጓሮ በር መጠበቅ ለእኛ አይዋጥልንም።

የኑሮ ውድነቱንም እንጨምር። በ2022 በአገራችን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በባንክ ቤት ዝም ብሎ የተኛ 10,000 ብር በዚያ ዓመት የመግዛት አቅሙን ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል አጥቷል። ማቀዝቀዣ የደረሰው አንዱ ሰው በጋዜጣ ፎቶው ሲወጣ የሌሎቹ ኪሳራ በጋዜጣ አይወጣም።

ከቴምብር እስከ ካርድ

ካርዱ ሌላ ነው። እስካሁን ስጦታው ከተበዳሪ (ከባንኩ) ወደ አበዳሪ (ወደ ደንበኛው) ሲሄድ ነበር። በክሬዲት ካርድ ግን አበዳሪው ባንኩ ነው፤ ስጦታ የሚቀበለውም ተበዳሪው ነው። አበዳሪ ለተበዳሪው ስጦታ ቢሰጥ የጭዱ ሕግ በቀጥታ አይመለከተውም። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት እንኳ በግዢ የተገኘ ነጥብን እንደ ዋጋ ቅናሽ እንጂ እንደ ወለድ አያየውም። አንዳንድ ወንድሞች እዚህ ላይ ቆመው «እንግዲያውስ ነገሩ ቀሏል» ይላሉ። እኛ ግን ገና ማን እንደሚከፍል አላየንም።

የካርድ ነጥብ አያቱ ቴምብር ነው። በ1896 በአሜሪካ ስፔሪ ኤንድ ሃቺንሰን የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። ኩባንያው ለባለ ሱቆች አረንጓዴ ቴምብር ይሸጣል፤ ባለ ሱቁ ለሸማቹ በየ10 ሳንቲሙ ግዢ አንድ ቴምብር ይሰጣል። ሸማቹም ቴምብሩን በደብተር ላይ ይለጥፋል። 1,200 ሲሞላ፣ ማለትም 120 ዶላር ከገዛ በኋላ፣ ደብተሩን ወስዶ በእቃ ይለውጣል። በ1960ዎቹ እናቶች ማታ ማታ ከልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ቴምብር መለጠፍ የብዙ ቤት ልማድ ነበር። ቴምብሩን ግን የገዛው ባለ ሱቁ ነው፤ የገዛበትንም በእቃው ዋጋ ላይ መጨመሩ አይቀርም። ቴምብር የማይሰበስብ ደንበኛም ያንኑ ዋጋ ይከፍላል።

በ1950 ዳይነርስ ክለብ የተባለው ካርድ በኒው ዮርክ ምግብ ቤቶች ሲጀመር ከምግብ ቤቶቹ 7 በመቶ ይቆርጥ ነበር። በመስከረም 1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያዋ የፍሬዝኖ ከተማ ላሉ 60,000 ሰዎች ሳይጠይቁት ካርድ በፖስታ ላከላቸው። ይህ ካርድ ነው በ1976 ቪዛ የተባለው። ሰው ሳይጠይቅ ካርድ መላክ በ1970 በሕግ ተከለከለ።

እስከዚያ ድረስ በብዙ ግዛቶች ወለድ ከዚህ በላይ አይሂድ የሚል ጣሪያ ነበር። በ1978 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ብሔራዊ ባንክ መሥሪያ ቤቱ ባለበት ግዛት የተፈቀደውን ወለድ ሌላ ግዛት ካለ ደንበኛውም መቀበል ይችላል አለ። ሳውዝ ዳኮታ ጣሪያዋን አነሳች፤ ሲቲ ባንክም በ1981 የካርድ ሥራውን ወደዚያ አዛወረ። ከዚያስ? በዚያው በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ የማይል ነጥቡን ጀመረ። በ1986 ዲስከቨር የተባለው ካርድ ከግዢው ጥቂት በጥሬ ገንዘብ እመልሳለሁ ብሎ ብቅ አለ። በ1987 ሲቲ ባንክና አሜሪካን ኤርላይንስ ካርዱንና ማይሉን አንድ ላይ አገናኙት። የአራጣ ጣሪያው ፈረሰ፣ የነጥብ ዘመን ጀመረ። የነጥቡ መንስኤ ይህ ብቻ ነው ባንልም፣ ወለድ እንደ ልብ መሰብሰብ የቻለ ባንክ ለስጦታ የሚሆን ገንዘብ እንደማያጣ ግልጽ ነው።

የነጥቡ ገንዘብ በዋናነት ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ባለ ሱቁ በየሽያጩ የሚቆረጥበት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ከመቶው ሁለት ዶላር ገደማ ነው። ሁለተኛው ዕዳውን በጊዜ ያልከፈለ ሰው የሚቆረጥበት ወለድና ቅጣት ነው። የመጀመሪያው እውነት መሆኑ በአውስትራሊያ በተግባር ታይቷል። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ከባለ ሱቅ ወደ ካርድ ሰጪው ባንክ የሚያልፈውን ክፍያ ከመቶው 95 ሳንቲም ገደማ ወደ 55 ሳንቲም ገደማ ሲያወርደው ነጥቦቹም አብረው ከሱ። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ለክሬዲት ካርድ ከመቶው 30 ሳንቲም ጣሪያ አደረገ። በአውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን እንደ አሜሪካኖቹ ነጥብ የማያገኙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ2010 የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች ስሌቱን ሠሩት። በግምታቸው መሠረት በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ አንድ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች ይከፍላል። ካርድ የሚጠቀም ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር ይቀበላል። በገቢ ሲለዩት፣ በዓመት 20,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሚያገኘው ቤተሰብ 21 ዶላር ይከፍላል፤ 150,000 እና ከዚያ በላይ የሚያገኘው 750 ዶላር ይቀበላል። በ2023 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ በራሳቸው በካርድ ተጠቃሚዎች መካከል ያለውን አይቶ፣ ካርድ በአግባቡ መያዝ ካልቻሉት ወደ ሚችሉት በዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚተላለፍ ገመተ። የአገራችን ሰው «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይላል። እዚህ ግን ደጃፉ የሞኝ ብቻ አይደለም፤ የድሃም ነው።

የነጥቡ ቲኬት ለዑምራ ይሁን ብሎ የሚጠይቀን ወንድም ይህንን እንዲያስብ እንፈልጋለን። በአገሩ ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ዳቦ የምትገዛው፣ ባንክ ካርድ የከለከላት ሴት ከቲኬቱ ላይ ድርሻ አላት። እርሷ ግን ወደ መካ አትሄድም።

ስለ ውሉ ደግሞ የፊቅህ አካዳሚው በመስከረም 2000 ሪያድ ላይ ተናግሯል። ከሂሳብ ላይ የሚቆረጥ ሳይሆን በብድር የሚሠራ ካርድ፣ ውሉ ወለድ እንዲከፈል የሚያስገድድ ከሆነ፣ ካርዱን መውሰድም መጠቀምም አይፈቀድም ብሏል፤ ደንበኛው በእፎይታው ጊዜ ውስጥ ከፍዬ እጨርሳለሁ ብሎ ቢነይት እንኳ። ወለድ የሌለበት ከሆነ ግን ባንኩ ለአገልግሎቱ ትክክለኛ ክፍያ መቀበሉን፣ ከነጋዴውም ኮሚሽን መውሰዱን ፈቅዷል። ነገር ግን የካርድ ዋጋና የጥሬ ገንዘብ ዋጋ አንድ እንዲሆን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። በጉዳዩ ላይ በምዕራብ አገር ያሉ አንዳንድ ዑለማእ ለችግር ጊዜ ሰፋ ያለ አስተያየት እንዳላቸው እናውቃለን። ካርድ ከሌለ ቤት መከራየት ያቃተው ወንድም አዋቂን ጠይቆ ይሥራ። ለነጥብ ሲባል ካርድ መክፈት ግን ችግር አይደለም፤ ምኞት ነው።

ሂሳቡንም በወረቀት ላይ እናውጣው። በወር 1,000 ዶላር በካርድ የሚያወጣ፣ ከመቶው 1.50 የሚመለስለት ቤተሰብ በዓመት 180 ዶላር ያገኛል። ይኸው ቤተሰብ በአንድ ክፉ አጋጣሚ 1,500 ዶላር ሳይከፍል ዓመቱን ቢያስቆጥር፣ በ20 በመቶ ሲሰላ 300 ዶላር ወለድ ይከፍላል። በ2023 ዕዳ ባለባቸው የአሜሪካ ካርዶች ላይ የሚታሰበው አማካይ ወለድ ከ20 በመቶ አልፎ ነበር። የዓመት ክፍያውን ገና አልቆጠርንም። ካርድ ሲያዝ እጅ መላላቱንም አልቆጠርንም። በ2001 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ለቅርጫት ኳስ ቲኬት በተደረገ ጨረታ በካርድ እንዲከፍሉ የተነገራቸው በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍሉት እጥፍ ያህል ዋጋ እንደሰጡ አሳይቷል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን የ2008 የባንክ ሥራ አዋጅ ከወለድ ነፃ ባንክ እንዲታሰብ በር ከፈተ። የ2011 መመሪያ ግን በነባር ባንኮች ውስጥ የሚከፈት መስኮትን ብቻ በመፍቀዱ፣ በምሥረታ ላይ የነበረው ዘምዘም ባንክ ቆመ። አክሲዮን የገዙ ወገኖቻችን የዚያን ጊዜ ሐዘን የሚረሱት አይመስለንም። በ2019 ሙሉ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ። ዘምዘምና ሂጅራ በ2021 ሥራ ጀመሩ። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ጥያቄው ከወለድ መሸሽ ብቻ አይደለም፤ ውል ለይቶ መግባትም ነው።

ከወለድ ነፃ በሆነ መስኮትም ስጦታና ሽልማት ሊቀርብልን ይችላል። ያኔ የምንጠይቀው የስጦታውን ዋጋ ሳይሆን የሂሳባችንን ዓይነት ነው። ሂሳቡ ቀርድ ከሆነ፣ ወዲዓ ተብሎም ባንኩ እንዲጠቀምበት የተፈቀደ ከሆነ፣ አበዳሪ ነንና የጭዱ ታሪክ ይመለከተናል። የኢስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ድርጅትም በመለኪያው፣ ባንክ ለተንቀሳቃሽ ሂሳብ ባለቤቶች በተቀማጫቸው ምክንያት ብቻ ስጦታ እንዳይሰጥ ደንግጓል። የቼክ ደብተርና የኤቲኤም ካርድ ግን ሂሳቡን ለማንቀሳቀስ የሚሰጡ አገልግሎቶች እንጂ የዚህ ዓይነት ስጦታ አይደሉም። ሂሳቡ ሙዷረባ ከሆነ ደግሞ እኛ አበዳሪ ሳንሆን የትርፍና ኪሳራ ሸሪክ ነን፤ ነገሩ በሌላ ሚዛን ይታያል። የባንኩን የሸሪዓ አማካሪዎች መጠየቅ መብታችን ነው። በመስኮቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ካላወቀ አለቃውን ይጥራልን።

እስካሁን ሳያውቅ የተቀበለስ? ዑለማእ በወለድ ገንዘብ ላይ የሚሰጡት ምክር የታወቀ ነው። ለራስ ሳያስቀሩ፣ የሶደቃ ምንዳ ሳይጠብቁ፣ ለድሆች ወይም ለሕዝብ ጥቅም ማዋል ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን መጠኑን ለማወቅ አይቸገሩም። በየዓመቱ በጥር ወር ባንኩ በሚልክላቸው ወረቀት ላይ፣ በወለድ ረድፍ ተጽፎ ይመጣል።